ውባንቺ እና የአያ ደግሰው ቋጠሮ

የላስታ ሰው ስለ ሥራ ሲጠየቅ አጭር መልስ ይወዳል። አራሽ፣ ነጋዴ፣ ቄስ፣ አስተማሪ፤ አለቀ። ውባንቺን ግን "ሥራሽ ምንድን ነው?" ያላት ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ አይገባም። "የመስታወት ክር እዘረጋለሁ" ስትል ሰው ይስቃል። "ብርሃን በክር ውስጥ አሳልፋለሁ" ስትል ደግሞ "ኧረ ጠበል ውሰዷት!" የሚል አይጠፋም። የቸኮለች ቀን "ገመድ ነው የምጎትተው፣ ገመድ!" ትልና ትገላገላለች።

ወደ ሠላሳ የሚጠጋት፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደጅ የሚደርስ ሴት ናት። የፋይበር ሙያ ከተማረች ጀምሮ ላሊበላ ላይ ያልገባችበት ግቢ የለም። የሆቴሎቹን ካሜራ ከዘበኛው ክፍል ጋር ያገናኘች እሷ፣ የሐኪም ቤቱን የራጅ ክፍል ከዶክተሩ ጠረጴዛ ጋር ያገናኘች እሷ፣ ጋሸና መገንጠያው ላይ ባለ አንድ ሕንጻ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ክር የዘረጋች እሷ። ወንዶቹ "ይቺ ሴት መሰላል ላይ ነው እንዴ የተወለደችው?" ይላሉ። እሷም "አይ፣ እናቴ አልጋ ላይ ነው የወለደችኝ፤ መሰላሉን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ" ትላለች። ለነገር መልስ አታጣም።

የተወለደችው ከሙጃ ወጣ ብሎ ጥቁር ድንጋይ በሚባል ቀበሌ ነው። እናቷ ይማርሽ እዚያው አለች። ይህች ይማርሽ ደግሞ የዋዛ ሴት እንዳትመስላችሁ። በልጅነቷ ድረው ከትምህርት ያስቀሯት ሴት፣ አምስት ልጅ አሳድጋ፣ ሦስቱን ድራ፣ "በሉ እንግዲህ ተራው የኔ ነው" ብላ ማታ ማታ ለሚማሩት በተከፈተው ክፍል ገብታ፣ እንደ ቀልድ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። የመንደሩ ሴቶች መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ "ይማርሽ፣ እስቲ ይህችን የልጄን ሒሳብ እይልኝ" እያሉ በሯን ያንኳኩ ጀመር።

ያን ዓመት አገር አቀፍ ፈተናው በኮምፒውተር ሆነ። የጥቁር ድንጋይ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አለው፤ ያውም አዲስ። ችግሩ ኮምፒውተሮቹ ያሉት ከገደሉ ወዲያ ማዶ፣ ኢንተርኔቱ የሚገባው ደግሞ ከገደሉ ወዲህ በቢሮው ሕንጻ መሆኑ ነው። በመሐሉ ከአራት መቶ ሜትር ያላነሰ አለ። ቀደም ሲል ተራ የመዳብ ሽቦ ዘርግተውበት ነበር። ሽቦው ከመቶ ሜትር በላይ ማድረስ አቅቶት በየመንገዱ ማጉያ ሳጥን ተደረገለት፤ እሱም ሳይበቃ ክረምቱ ገባና መብረቅ ወረደ። ጥቁር ድንጋይ ላይ መብረቅ እንግዳ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። በሽቦው ላይ ሮጦ ግማሹን ኮምፒውተር አንጨረጨረው፤ የተቃጠሉት ኋላ በአዲስ ተተኩ።

ርዕሰ መምህሩ ምሥጋናው ውባንቺን ያስጠራት ለዚህ ነው። ፋይበር መስታወት ነው፤ መብረቅ አይጠራም። ነገር ግን ከዞን የመጣው መልእክት ግልጽ ነበር። ለፈተናው ዋዜማ ፈታሽ ይመጣል፤ ኮምፒውተሮቹ ከመስመር ካልተገናኙ ተፈታኞቹ ሁሉ ላሊበላ ወርደው፣ እዚያው እያደሩ ይፈተናሉ። ለወጣቶቹ ይህ ሽርሽር ነው። ለይማርሽ ግን ፈተናው ቀረ ማለት ነበር። የባሏ እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ ከይማርሽ እጅ በቀር ከማንም እህል አይቀምሱም። ባሏማ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሽሮ ሲያማስል ድስቱን ነው የሚያበላው። ይማርሽ ለልጇ አንድ ነገር ብቻ አለቻት፦

"ውቤ፣ ላሊበላ ከሆነ እኔ የለሁበትም። እዚህ ከሆነ ግን ዝግጁ ነኝ።"

ውባንቺም "እዚህ ነው የምትፈተኚው፣ እማየ" አለች። አፍ ዳገት አይፈራም።

ሥራው የተጀመረው በክርክር ነው። ምሥጋናው ከአንድ ያለቀ ሥራ የተረፈ ብርቱካንማ ፋይበር በነጻ አግኝቶ ኖሮ ደስታው ወሰን አጣ። ውባንቺ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ያለው አዲስ ጥቅል ይዛ መጣች።

"ሁለቱም ማልቲሞድ አይደሉም?" አለ ምሥጋናው። "ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ብትቀጥይውስ?"

"መምህር፣ ብርቱካኑ ኦኤም አንድ ነው፤ የጥንቱ። የመስታወቱ ልብ ስልሳ ሁለት ተኩል ማይክሮን ይሰፋል። ይሄኛው ኦኤም ሦስት ነው፤ ልቡ ሃምሳ። ከሰፊ ቧንቧ ወደ ጠባብ ቧንቧ ውሃ ቢለቁ ምን ይሆናል?"

"ይፈስሳላ።"

"ብርሃኑም እንደዚያው። ደግሞ ለዚህ ርቀት ብርቱካኑ አቅም የለውም። አይጣልም ግን፤ እዚያው የኮምፒውተሩ ክፍል ውስጥ ለአጭር አጭሩ አገባዋለሁ።"

ይማርሽ ከጎን ሆና ትሰማለች። መቼም ተማሪ ናት፣ ሳትጠይቅ አታልፍም። "ቆይ፣ ከሙጃ ወዲህ ተራራ አቋርጦ የመጣው ቢጫው ፋይበር ልቡ ቀጭን ነው አላልሽኝም? ለሩቅማ ሰፊው አይሻልም? ምኑን ነው የምታወሪው?"

ውባንቺ ይህን ጥያቄ ስትወደው! "እማየ፣ የሙጃን ገበያ አስቢ። የአንድ መንደር ሰው በሰፊ መንገድ አብሮ ቢነሣ፣ አንዱ መሐል መሐሉን ቀጥ ብሎ ይገሰግሳል፣ አንዱ ከዳር ዳር እያለ ይዞራል። ገበያው ቅርብ ከሆነ ችግር የለም፣ አብረው ደረሱ ይባላል። ሩቅ ከሆነስ? የፊተኛው ሸጦ ሲመለስ የኋለኛው ገና እየገባ ነው፤ ወሬውም ይምታታል። ማልቲሞድ ማለት ይሄ ሰፊው መንገድ ነው። ብርሃኑ በብዙ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ለግቢና ለሕንጻ ግሩም ነው፣ ዕቃውም ይረክሳል። ኦኤም ሦስትና አራት የሚባሉት ደግሞ ዳር ዳሩን የሚሄደው እንዲፈጥን ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ቢጫው ግን የእግር መንገድ ነው፤ አንድ ብቻ ያሳልፋል፣ ግን የትም ያደርሳል።"

"ገባኝ" አለች ይማርሽ። "ዳር ዳሩን እያለ የሚዞረው አባትሽ ነው።"

ቦይ ለመቆፈር ጅጌ ተጠራ። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነበር፤ በማግስቱ ሚካኤል ነው፣ ማንም ዶማ አያነሣም፤ በሚካኤል ማግስት ደግሞ ፈተናው ነው። ስለዚህ በዚያች ቀን ሁሉም ማለቅ ነበረበት። አገሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ነቅሎ ወጣ። እየዘፈነ ቆፈረ፣ እየተሳደበ ቆፈረ፣ ጠላው ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ በበለጠ ቆፈረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ኖሯል! ከቀትር በኋላ ቦዩ ገደሉን ተሻግሮ ማዶ ደረሰ።

በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከወዲህና ከወዲያ የመጡት ሁለቱ የፋይበር ቁራጮች የሚገናኙበት፣ በድንጋይ የተገነባ ትንሽ ጉድጓድ አለ። ውባንቺ እዚያ ተቀምጣ የውጭውን ወፍራም ልባስ ገፈፈች፤ ጸጉር የመሰለውን መስታወት ከመስታወት አጋጠመች፤ ብርሃን ማለፉን አየች። ከዚያ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ክር በሰፊው እንደ አክንባሎ ክብ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ አስተኛችውና፣ ማዶ ወጥታ ጫፉን ለማሰር ተነሣች።

"አያ ደግሰው፣ ክዳኑን ይግጠሙልኝ" አለች።

አያ ደግሰው ማን መሰሏችሁ! መኪና ሳይገባ በፊት ከሰቆጣ ጨው እየጫኑ በዚህ ሁሉ ዳገት በቅሎ የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ጭነት ወድቆባቸው አያውቅም። ልጅ ሲያገባ የጭነት ገመድ የሚያስሩት እሳቸው፣ በሽተኛ በቃሬዛ ሲወርድ ቃሬዛውን የሚጠፍሩት እሳቸው። ታዲያ ጉድጓዱን አጎንብሰው ቢያዩት፣ ያ ሁሉ ክር ልል ሆኖ ተንዘላዝሎ ተኝቷል። ክው አሉ። "ወይ የዛሬ ልጅ! ገመድ እንዲህ ተዝረክርኮ ይተዋል?" አሉና ሰብስበው፣ አጥፈው፣ በራሱ ጫፍ ወገቡን ጠፍንገው፣ የጭነት ቋጠሮ አሰሩለት። ጥብቅ! ከዚያ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ገጠሙ፤ አፈር መለሱ፤ ረገጥ ረገጥ አደረጉና "ሚካኤል ይጠብቅህ" ብለው መርቀውት ወደ ጠላው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ውባንቺ የሁለቱን ጫፍ ሳጥኖች ሰካች። መገናኘቱን የምትናገረው መብራት አትበራም። ነቅላ ሰካች። አትበራም። ከቢሮው በኩል ቀይ ብርሃን የምትረጭ እስክሪብቶ የመሰለች መፈተሻዋን አስገባችና ምሥጋናው ማዶ ሆኖ እንዲያይ አደረገች። ምሥጋናው ከገደሉ ማዶ በሁለት እጁ አፉን ከልሎ ጮኸ፦ "ምንም የለም! ድርግም!"

ትናንት ያለፈ ብርሃን ዛሬ የት ገባ? ይማርሽ የሚካኤልን ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከቢሮው በር ላይ ቆማለች። ያ ደብተር ነው ውባንቺን የገደላት።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በአፋፉ ማለፉ አይቀርም። ውባንቺ ሮጣ አያ ደግሰውን ያዘቻቸው።

"አያ ደግሰው፣ ትናንት ክዳኑን ሲገጥሙ ክሩን ነክተውት ነበር?"

"ነክተውት ነበር ትለኛለች! አሰርኩት እንጂ። እንደ ጭነት አድርጌ አሰርኩልሽ።"

ውባንቺ ዓይኗን ጨፈነች። "አያ ደግሰው... መስታወት እኮ ነው። ክሩ ከልክ በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ መንገዱን ስቶ ይወጣል። እዚያ ቋጠሮ ላይ ታንቆ ሳይሆን አይቀርም።"

"የኔ ቋጠሮ?" አሉ፤ ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "የኔ ቋጠሮ ነው አንቺን ያስቸገረሽ? ሰቆጣን የሚያህል አገር የመሰከረለት ቋጠሮ? ይከፈት! አሁኑኑ ይከፈትና ይታይ!"

"ይከፈት ነው እንጂ!" አለች ውባንቺ። ግን ማን ይከፍታል? ሚካኤል ነው። ያ ትናንት ዘፍኖ የቆፈረ ጎበዝ ሁሉ እጁን በጋቢው ውስጥ ከቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። አባ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ።

"አባታችን፣ ይፍቀዱልኝ። ከሰዓት በኋላ ፈታሹ ይደርሳል።"

"ልጄ፣ በሚካኤል መሬት አይቆፈርም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔው ነኝ ያጠመቅሁሽ።"

ውባንቺ እንባዋ መጣ። ያኔ ነው እንግዲህ አያ ደግሰው፣ ለእሷ አዝነው ሳይሆን ለቋጠሯቸው ክብር ሲሉ፣ አፋቸውን የከፈቱት።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በበዓል ቀን በቅሎ ከነጭነቷ ጉድጓድ ብትገባብኝ ምን ላድርግ? 'ነገ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ተኝተሽ ጠብቂኝ' ልበላት?"

አባ ገብረ ሊባኖስ ሽማግሌውን አዩዋቸው። ከዚያ ጺማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካስ እየሳቁ ነው። "ደግሰው፣ አንተ ይህን ከወንጌሉ የት አገኘኸው?"

"ወንጌል? እኔ በቅሎ ነው የማውቀው።"

"ጌታም ፈሪሳውያንን በሬና አህያ ብሎ ይህንኑ ነው የጠየቃቸው። እነሱ መልስ አጡ፤ እኔም አጣሁ።" አባ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ዶማ አይነሣም። የወደቀን ማንሣት ግን ቁፋሮ አይደለም። በእጅ!" አሉና ነጠላቸውን አደግድገው የመጀመሪያዋን የአፈር ጓል ራሳቸው ብድግ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቆማል? ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ አፈሩን በመዳፉ ይዝቅ ጀመር። ሴቶቹ እልል አሉ። ክዳኑ ተነሣ።

መፈተሻዋ ከቢሮው በኩል እንደበራች ናት፤ ምሥጋናውም ማዶ ጫፉን ይጠብቃል። ጸሐይዋ ግን ደምቃለች፤ ቀዩ ብርሃን ቢኖርም አይታይም። ውባንቺ አሰበችና "አያ ደግሰው፣ ጋቢዎን ያውሱኝ" አለች። ጋቢውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዘረጋች፤ ራሷን አስገባች፤ ሽማግሌውንም ጎትታ አስገባች። ውጭ የቆመው ሰው ሁለት ጀርባ ብቻ እያየ "ምን አገኛችሁ? ኧረ ተናገሩ!" ይላል።

ጋቢው ሥር ጨለማ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የአያ ደግሰው ቋጠሮ ዙሪያውን ቀይ ሆኖ ይበራል። ከእያንዳንዱ እጥፋት ብርሃን ይወጣል።

"በስመ አብ!" አሉ በሹክሹክታ። "ይደማል እንዴ?"

"ብርሃኑ ነው፣ አያ። እዚህ እየፈሰሰ ነው ማዶ የማይደርሰው።"

ውባንቺ ጣቷን ወደ ቋጠሮው ሰደደች፤ ግን ቢሳብ ይበጠሳል፣ ቢጫን ይሰበራል፤ የትኛው ጫፍ በየት እንደገባ እግዜር ይወቀው። "አያ ደግሰው፣ እኔ አልችለውም" አለች፤ እውነቷን ነው። "የጠፈነገው እጅ ካልፈታው ማንም አይፈታው።"

"ዞር በይ እስቲ" አሉ፤ ድምፃቸው መለስ አለ። "የጭነት ቋጠሮ እኮ የሚታሰር ሌባ እንዳይፈታው፣ ባለቤቱ ግን በዝናብ መሐል በአንድ እጁ እንዲፈታው ተብሎ ነው።" አንዱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ላላ አደረጉ፤ ሳብ አደረጉ። ሁሉም ነገር እንዳልነበር ሆኖ ተዘረጋ። ያ ቀይ ብርሃንም ድርግም አለ።

"ጠፋ! ውባንቺ፣ ገደልኩት!" ብለው ጋቢውን ይዘው ብድግ አሉ።

በዚያው ቅጽበት ከገደሉ ማዶ ምሥጋናው ሲጮህ ተሰማ። ርዕሰ መምህር መሆኑን ረስቶ ይዘልላል። "ቀይ! ቀይ መጣ! ዓይኔን አጠፋው!"

"አልጠፋም፣ አያ ደግሰው" አለች ውባንቺ እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ። "መንገዱን አግኝቶ ሄደ።" ሽማግሌው ማዶ አዩ፤ እሷን አዩ፤ ከዚያ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ለሰዉ "ፈታሁላት!" አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ማን እንዳሰረው ያነሣ የለም፤ ቢያነሣም በሚካኤል ቀን ማን ይሰማዋል? ውባንቺ ክሩን እንደገና በሰፊው ክብ አድርጋ አስተኛችው፤ አያ ደግሰውም ክዳኑ እስኪገጠም ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላሉም። "ማንም እንዳይነካው! ይሄ ልል ሆኖ ነው የሚጸናው!" እያሉ መጪውን ሁሉ ያስጠነቅቁ ነበር።

ፈታሹ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ከፈተ፤ ሁሉም ተገናኙ። "ፈተናው እዚሁ ይሁን" ብሎ ፈረመና ለሚካኤል ድግስ ተጎትቶ ሄደ፤ ሳይወድ በግዱ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጣ።

በፈተናው ጠዋት ምሥጋናው ውባንቺን "መስመሩ ቢያስቸግር ከዚህ እንዳትርቂ" ብሎ የፈተናው ክፍል በር ላይ አስቀመጣት። ይማርሽ ከልጆቿ እኩዮች መሐል ተሰልፋ ስትገባ ልጇን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ይሁን ቀመር አይታወቅም። በሩ ተዘጋ። ውባንቺ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። በሕይወቷ ብዙ መስመር ዘርግታለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ስለ አንድ ክር ጸልያ አታውቅም። ሰማዩ ጠቆረ፤ መብረቁ ማዶ ተራራው ላይ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ በክፍሉ ውስጥ ግን የቁልፍ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ጊዜው ሲያልቅ ወጣቶቹ እየተንጫጩ ወጡ። ይማርሽ መጨረሻ ላይ ወጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቷል። ውባንቺ ብድግ ብላ "እማየ፣ እንዴት ነበር? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ? ከበደሽ?" እያለች ጥያቄውን አዘነበችው።

"ሁሉንም ሠራሁት" አለች ይማርሽ። "ልክ ይሁን አይሁን እሱ ይወቅ፤ ግን እስከ መጨረሻዋ ጥያቄ ደረስኩ።" ከዚያ የልጇን ክንድ ያዘችና ያልነገረቻትን ነገረቻት። "ያኔ በልጅነቴ፣ ፈተና ላይ እያለሁ ነው አባቴ የክፍሉ በር ላይ መጥቶ የጠራኝ። 'ውጪ፣ ሽማግሌዎች መጥተዋል' አለኝ። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ዛሬም እየሠራሁ፣ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። ግን ማንም አልጠራኝም።"

"ማን አባቱ ይጠራሻል!" አለች ውባንቺ። "በሩ ላይ እኮ እኔ ነበርኩ።"